በአመድ የታሸው ሌንስ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ጉና

ድሬዳዋ ከተመለስሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ደብረ ታቦር ይበርዳል አይደል? ይበርዳል። ጉና ላይ በረዶ ወርዶብህ ነበር? ወርዶብኝ ነበር። ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ይዤ የተመለስሁት ብርድ ሳይሆን ንዴት ነው። ንዴት ደግሞ በዚህ ዘመን ሻይ ቤት ቁጭ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ስለዚህ መቼም ወደዚያ ለማትሄዱት፣ ከመነሻው ጀምሬ በየቀኑ የሆነውን እጽፋለሁ።

የምሠራው እዚሁ ከዚራ ሰፈር ባለ ፎቶ ቤት ነው። ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፤ ያስተማረኝ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ የውሃ ሥራ ቀያሽ ናቸው። ከጉና ተራራ ሥር አስታ ሜዳ ለሚባል መንደር የምንጭ ውሃ በቧንቧ ለማውረድ ታስቦ፣ ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ቁልቁለት መንደሩ ድረስ መውረድ መቻሉን እንዲለኩ ታዘዙ። ረዳታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶባቸው ነበር። «አንተ ቢያንስ ሌንስ አያያዝ ታውቃለህ» ብለው እኔን አስከተሉ። ሰፊ አገር አይቼ በግጥም ተሞልቼ የምመለስ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የወጣነው በጸብ ነው። ዕቃ ጫኙ የመለኪያውን ሣጥን ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሲል ጋሽ ታደለ ከእጁ ነጠቁት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ታቦት ነው እንዴ?» አለ ጫኙ።

«ታቦት ቢሆንማ አንተ መች ትነካው ነበር» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኛም ሣጥኑን በየተራ ጉልበታችን ላይ እያደረግን ተጓዝን።

መሣሪያው ሌቭል ይባላል። በሦስት እግር ላይ የሚቆም አጭር መነጽር ነው፤ በውስጡ የሚያይ ሰው ራቅ ብሎ በቆመ ሰው እጅ ባለ ረጅም በትር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ነው፤ ምስሉንም ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ዓባይ ድልድይ ላይ የፈተሸን ወታደር ሣጥኑን አስከፍቶ ማዶ የምትግጥ ፍየል አየበትና፣ «ፍየሏን ገለበጣት!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ሁሉም በየተራ ፍየሏን አዩ። እዚያ ድረስ ጨዋታ ነበር። ሲመልስልን ግን አውራ ጣቱን የፊቱ ሌንስ ላይ ጭኖ መለሰልን።

ያን ጊዜ የደነገጥሁት ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና። ጥሩ ሌንስ ወደ ብርሃን ዞር ሲደረግ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ያንጸባርቃል። ያ ቀለም ቅብ ነው። የፎቶ ቤቱ ጌታዬ እንደነገሩኝ፣ ሌንሱን አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው አንድ ማዕድን በሙቀት ያተኑና እንደ ጤዛ ያሳርፉበታል። የሳሙና አረፋ ቆዳ ያህል የሳሳ ነው። ራቁቱን የሆነ መስታወት ከሚመጣለት ብርሃን ከፊሉን መልሶ ይወረውራል፤ የገባውንም ከወዲያ ወዲህ ያንከራትተዋል፤ ምስሉም ይነጣል። ቅቡ ብርሃኑን ሥርዓት ያስይዘዋል። ሲቀባ አንዲት ብናኝ ካረፈችበት በዚያች ቦታ ስለሚበሳ፣ ሠሪዎቹ ከቀዶ ሐኪም ይበልጥ ይጠነቀቃሉ አሉ። የእኛን በማጉያ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ነቁጥ አልነበረችበትም።

ደብረ ማርቆስ አድረን የወታደሩን ጣት አነሣሁ። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ በተነከረ ጥጥ፣ ሳልጫን፣ ከመሐል ወደ ዳር። አልጋ ቤቱ ቁንጫ ነበረበት። ድሬ ላይ ሙቀቱ ቁንጫውንም ሰውንም እኩል ያደክማል፤ እዚህ ሰው ብቻ ነው የሚደክመው።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መንገድ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሙቀቱና ዘንባባው አገሬ የገባሁ አስመሰለኝ፤ ዓሣም በላን። ሆቴሉ በር ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እሱስ ድሬም አለ።

ረቡዕ

እስከ ወረታ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ላይ ጨው በጫነ የጭነት መኪና። ዝናብ ያዘን። ሸራው ቀዳዳ ስለነበረው እኛም ሣጥኑም ራስን። ድሬ የዝናብ ደመና ሲታይ ልጆች ይጨፍራሉ፤ እዚህ ግን ሰው ደመናን የሚያየው እንደ ሁልጊዜ ጎረቤቱ ነው፣ ሰላምታም አይሰጠው።

ደብረ ታቦር ስንገባ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ያረፍነው አልጋ ከሚያከራዩ ባልቴት ዘንድ ነው፤ እመት የሽመቤት ይባላሉ። ገና ከደጃፉ ሳለን ለብ ያለ ውሃ አስመጥተው እግራችንን ራሳቸው አጠቡን። እኔ እናቴ የምታህል ሴት ተንበርክካ እግሬን ስትይዝ አፍሬ ወደ ኋላ ብስብ፣ «ተቀመጥ እንጂ፤ እግር አይደለም እንዴ፣ ምን ያስደብቀዋል?» አሉኝ። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡ። በየክፍሉ ፋኖስ አለ፤ ብርጭቆው ያለ አይመስልም፣ ነበልባሉ በባዶ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። በዚህ ከተማ የእሳቸውን ፋኖስ የሚያህል የጠራ እንደሌለ ራሳቸው ነገሩን። በየጠዋቱ በወንፊት በተነፋ አመድና በነጠላ ቁራጭ ያሹታል።

ሣጥኑ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ታደለ ስለ አስታ ሜዳ ሲነግሯቸው እጃቸው ከትሪው ላይ ቀረ። የትውልድ መንደራቸው ነው። እንስራ ተሸክመው ያደጉበት ገደል ነው፤ ታናሽ እህታቸውም ትወርድበት ነበር፤ ባለፈው ክረምት ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። ሣጥኑን ሳሙት። ከሳቸውም ነው ነገሩን በደንብ የሰማነው። ቧንቧው መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። እሑድ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ፤ እስከዚያ የአስታ ሜዳ ልኬት ካላለቀ ቧንቧው ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል። ሌላ ሥራ የተባለው ደግሞ ለጓዶቹ የሚሠራው አዲስ የመኖሪያ ግቢ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሐሙስ

ጋሽ ታደለ የረጠበ ዕቃ እንደታፈነ ካደረ ይሻግታል ብለው ሣጥኑን ከፍተው፣ ሌቭሉን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ተዉት፤ የይለፍ ወረቀት ለማውጣትም ወጣን። አውራጃው ቢሮ ማለዳ የገባን ማታ ወጣን። የምናነጋግረውን ሰው በስሙ አልጠራውም፤ ሁሉም «ጓድ ምክትል» ነው የሚለው። ወረቀቱ ፊቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስለ ጋፋት ንግግር አደረገልን። ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ጋፋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር መሆኗን፣ የዚህ አገር ሰው ለቴክኒክ የተፈጠረ መሆኑን። ጋፋትን ከመኪናው ላይ ሆኜ አይቻታለሁ፤ ማሳና የእግር መንገድ ናት። ማኅተሙ ግን ከኪሱ አልወጣም፤ ይለፉ ነገ ጠዋት ይላክላችኋል ተባልን። ድሬ ላይ ባለሥልጣን ያስጠብቅሃል፣ ግን ሙቀቱ ስለሚያንገበግበው ቶሎ ይሰለችሃል። የደጋ ሹም ካፖርቱን ለብሶ እስከ ዘላለም ሊያስጠብቅ ይችላል።

ማታ ስንመለስ እመት የሽመቤት ፊታቸው በርቶ ተቀበሉን። «ኑ እስኪ እዩት» ብለው ወደ ጠረጴዛው መሩን። «ጋዝ ነክቶት ነበር መሰል፤ ፊቱ ላይ የጋዝ ቀለም ሞልቶበታል። አመዱን ሁለቴ ነፍቼ፣ ቀስ አድርጌ፣ እስኪለቅ አሸሁት።»

ለቆ ነበር። ሐምራዊው የለም። ሌንሱ እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ሆኗል፤ ወደ ፋኖሱ ዘንበል ሳደርገው የሺህ ጭረት ክብ ክብ ታየኝ። የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ልጀምር ስል ጋሽ ታደለ ክንዴን ጨብጠው፣ «እግዜር ይስጥልን፣ ደክመውበታል» አሏቸው። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። በሳቸውም፣ በጋሽ ታደለም፣ በአመድም ተናድጄ ተኛሁ።

ዓርብ

የተከራየናቸው በቅሎዎች ተጭነው ልንነሣ ስንል ጓድ ምክትል በላንድሮቨር መጣ። ይለፉን ራሱ ይዞ መምጣቱ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚፈልገው የምንዘገይበትን ነገር ነበር፤ አገኘም። እመት የሽመቤት የኩራታቸውን፣ «ተመልከት፣ ያጠራሁት እኔ ነኝ» አሉት። ሌቭሉን ወደ ወጣችው ፀሐይ አዙሮ አየ። በዚያ ሌንስ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ወተት ብቻ ነው የሚያየው።

«አንቺ፣ ማን አዞሽ ነው?» አላቸው። አንቺ! እናቱ የሚሆኑትን ሴት።

«ማን ያዘኛል ልጄ? እንግዳ ቤቴ ገብቶ ዕቃው ቆሽሾ ይውጣ?»

«ይህ በኢኮኖሚ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» አለ፤ ድምፁ የተደሰተ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሽ ታደለ መሣሪያው ይሠራል ብለው ቆሙ። እሱም ፈረደ፤ እስከ እሑድ ልኬቱ ካለቀ መልካም፣ ካላለቀ ግን ሥራውን ያሰናከለችው ሴት በስብሰባ ፊት ቀርባ ትጠየቃለች። እስከዚያም ከቤቷ እንዳትወጣ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ዘብ ደጃፍ ላይ አቆመባቸው። በአብዮት ጠባቂ ፊት አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለድሬ ሰው አላስረዳም። ስንወጣ እመት የሽመቤት ለዘቡ የገብስ ቆሎ ሲሰጡት አየሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱ ይበልጥ አናደደኝ።

ቀስ በቀስ ወጣን። ገብስ፣ ድንች፣ በጎች፣ ከዚያ አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ። አስታ ሜዳ ላይ የተቀበሉን የመንደሩ ሽማግሌ አያ ፈንቴ ናቸው፤ ቀጭን፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የለበሱ፣ ዓይናቸው የሚስቅ። የሆነውን ሲሰሙ፣ «የሽመቤት ልጅ ሆና ድንጋይ ታጥብ ነበር» አሉ፤ ሰዎቹ ሳቁ። የሳቁት ግን ፈርተው ነው።

ከምንጩ ጀመርን። ሥራው እንዲህ ነው። ሌቭሉ መሐል ይቆማል። መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከላይ በኩል የቆመውን በትር ያነባል፤ ቀጥሎ ዞሮ ወደ ፊት፣ ከታች የቆመውን። የሁለቱ ልዩነት ቁልቁለቱ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እንደገና። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ዘንበል ባለች ሰዓት ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ፊት ለፊቷ ይሆናል። የላይኛውን በትር የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ጋሽ ታደለ በመነጽሩ ሲያዩኝ፣ ሲያብሱ፣ እንደገና ሲያዩ አያለሁ። በመጨረሻ እጃቸውን አወናጨፉ። ከኋላዬ ፀሐይ ነበረች፤ በትሩም እኔም በብርሃን ውስጥ ሟምተናል። ጃንጥላ ዘረጋንላቸው፤ ፀሐዩ ከሥሩ ገባ። ነጠላ አጠላን፤ ነፋሱ ወሰደው።

ከቀትር በኋላ ደመና መጣ። ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን መነጽሩ ላይ አድርገው፣ «አሁን! አሁን በትሩን አቅና!» ብለው ጮኹ። ፀሐይዋ ስትሸፈን ቁጥሩ ተለይቶ ይነበባል። ሮጥን። ሦስት ጊዜ እንደለካን ደመናው ዝቅ ብሎ ጉም ሆነና ራሱን በትሩን ዋጠው። ቆመን ጠበቅን። ጉሙ ሲነሣ ፀሐይ ይዞ ተነሣ። ፀሐዩ ሲሸፈን ጉም ይዞ ተሸፈነ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በፀሐይ የተጠበስሁ የድሬ ልጅ፣ ጉና ላይ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው፣ ፀሐይዋን በአደባባይ እሰድብ ነበር።

«የቆላ ሰው ፀሐይ ሲጠላ ዛሬ አየሁ» አሉ አያ ፈንቴ። «ቆይ፣ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከፍ ብሎ ይቆማል። እሱ የእኛ ነው፤ እናውቀዋለን።»

በሳቸው ቤት አደርን። የዓርብ ጾም ስለሆነ ተልባና የገብስ ቂጣ በላን፤ ያላቸውን አንድ ወፍራም ባና ለእኛ ሰጥተው እሳቸው በለምድ ተጠቀለሉ።

ቅዳሜ

አያ ፈንቴ እንዳሉት ሆነ። ደመናው እንደ ጣሪያ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ከሥሩ ብርሃኑ ለስላሳና እኩል፣ ጥላ የሌለው ነበር። ለዚያ ለተጎዳ ሌንስ ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ጋሽ ታደለ ቁጥር ሲያነቡ ከአስታ እንጨት የተሳለ ችካል በየቦታው እየተመታ ወረደ። መንደሩ ጫፍ ስንደርስ፣ ጋሽ ታደለ አላመኑም፤ በዚያው መስመር ወደ ላይ እየለኩ እስከ ምንጩ ተመለሱ። ሁለቱ ልኬት ገጠመ። ውሃው ይወርዳል፤ የሚተርፍ ቁልቁለትም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። መንደሩ ስንመለስ እግሯ የተሰበረው የእመት የሽመቤት እህት በምርኩዝ መጥታ የመጨረሻውን ችካል በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ በበቅሎ ቁልቁል ወረድን፤ አያ ፈንቴና የተወሰኑ ሰዎች በእግር ተከተሉን።

እመት የሽመቤት ቤት ስንደርስ ዘቡ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ውጤቱን ስንነግራቸው ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቆሻሻ ካልነበረ ያ ቀለም ምን ነበር?» አሉኝ። ስለ ቅቡ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ጣት እንኳ እንደማይነካው ነገርኋቸው።

አስበው አስበው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አገር፣ ‘አትንኩኝ’ ብሎ ሣጥኑ ላይ መጻፍ አቃተው?» አሉ። ተጽፏል፤ በጀርመንኛ። ያን ልነግራቸው አልቻልሁም።

እሑድ

ስብሰባው የተጠራው በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ ሆን ተብሎ። አዳራሹ ሞላ። ከክፍለ ሀገር የመጡት ዋና እንግዳ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ወፍራም፣ የደከማቸው፣ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው። ጋሽ ታደለ ልኬቱ ማለቁንና ውሃው እንደሚወርድ አስረዱ።

ጓድ ምክትል ተነሣ። የተሠራበት መሣሪያ የተበላሸ መሆኑን፣ ልኬቱም ስለዚህ እምነት የሚጣልበት አለመሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ እመት የሽመቤትን አስነሥቶ የአሻጥር ሥራ መሥራታቸውን እንዲያምኑ ጠየቀ። እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመው፣ ያሹት እሳቸው መሆናቸውን፣ ደግሞም በደንብ እንዳሹት ተናገሩ።

አያ ፈንቴ እጃቸውን አነሡ። «ጓድ፣ እኔ ገበሬ ነኝ፤ አንድ ነገር አልገባኝም። ይህች ሴት መነጽሩን አሰናክላ ሥራው እንዳይሠራ ያደረገች ናት። አይደለም?»

«ነው።»

«ሥራው ተሠራ።»

«በተሰናከለ መነጽር!»

«ታዲያ ልክ ካልሆነ ነገ እንለካው፤ ሌላ መነጽር ያምጡ። ልክ ከሆነ ደግሞ ሴትዮዋ ምን አሰናከለች? ወይ ሴትዮዋን ይተዉዋት፣ ወይ ውሃውን ይስጡን። ሁለቱንም ሊወስዱ ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ጓድ ምክትል ቀላ። ዋናው እንግዳም ፈገግ አሉ። ሰዓታቸውን አይተው ፈረዱ። ሴትዮዋ ትሂድ፤ ልኬቱም ምስጋና ይገባዋል። ቧንቧው ግን ይጠና አሉ።

ይጠና። ይህችን ቃል ድሬም አውቃታለሁ። ግን እንደዚያ ዕለት ምን ማለት እንደሆነች ገብታኝ አታውቅም። ሰው አጨበጨበ፤ እመት የሽመቤት ነጻ ስለወጡ እኔም አጨበጨብሁ። እሳቸው ግን አላጨበጨቡም። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ «እኔን ለቀውኝ ውሃውን አሰሩት» አሉ ለራሳቸው።

ሰኞ

የጠዋቱን መኪና ስንጠብቅ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ቧንቧው ሲጫን አየን። የተጠናው በአንድ ሌሊት ነው። መኪናው ወደ ጉና መንገድ አልዞረም፤ ወደ አዲሱ ግቢ ዞረ። አጠገባችን አያ ፈንቴና ሰዎቻቸው ወደ አገራቸው ለመሄድ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አያ ፈንቴ መኪናው እስኪያልፍ በዓይናቸው ሸኙት።

«ቧንቧውን ይጫኑት» አሉ። «ቁልቁለቱን የሚጭኑበት መኪና ግን የላቸውም። ችካሉ ቆሟል። ክረምት ሳይገባ ቦይ እንቆፍርበታለን።» ከዚያ ወደ ጋሽ ታደለ ዞረው፣ «ይሆናል ጌታዬ?» አሉ።

ጋሽ ታደለ መዋሸት አይችሉም። ቦይ ከሆነ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ መሬት እንደሚጠጣው፣ ከብትም እንደሚረግጠው፣ በየክረምቱ ጎርፍ እንደሚደፍነው፣ ሴቶቹም የሚቀዱት እንደ ምንጩ የጠራ እንደማይሆን ነገሯቸው። አያ ፈንቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ አንድ በአንድ ሰሙ።

«ግማሹም ይበቃናል» አሉ።

ሰዎቹም ከጀርባቸው ሆነው፣ ይበቃናል አሉ። መኪናችን መጣ፤ ተሳፈርን። እስከ ወረታ፣ እስከ ባሕር ዳር፣ እስከ ድሬ ድረስ ስመልስላቸው መጣሁ፤ አሁንም እየመለስሁላቸው ነው። አይበቃችሁም፣ አያ ፈንቴ። አይበቃችሁም።